የፎቶ አንሺው አንገት

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድማችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከጭነት መኪና ሾፌር አባታቸው የቤቱ በኩር ሆነው ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ አባታቸው በመታመማቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው ዩኒቨርሲቲ ይግባ ብለው እርሳቸው ፎቶ ቤት ተቀጠሩ፤ በጨለማው ክፍል ፊልም እያጠቡም ሙያውን ቀሰሙ። ይህን ጽፎ የሚያነበው ያ ታናሽ ወንድም ነው።

ከዚያም በአንድ ጋዜጣ ድርጅት ፎቶ አንሺ ሆነው ሁለት ካሜራና ክንድ የሚያህል ሌንስ በቀጭን ማንገቻ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የክብር እንግዳው እስኪመጣ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆመው ይውሉ ነበር። ሌንሱን የሚያሳርፉበት ባለ አንድ እግር መቆሚያ እንዲገዛላቸው ደጋግመው ቢጠይቁም፣ ሌሎቹ ያልጠየቁትን አንተን ምን አስጠየቀህ ተብለው ተመለሱ። አንገታቸው እያደር ወደ ፊት ጎበጠ፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶችም ጠዋት ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። ባልደረቦቻቸው «አቀርቃሪው፣ መሬት ላይ ምን ጠፋብህ?» ሲሏቸው፣ «የእናንተን ቁም ነገር እየፈለግሁ ነው» ብለው አብረው ይስቁ ነበር።

የሆስፒታል ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው፣ ፎቶ ሲያነሱ ክርናቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ሌንሱን በግራ እጃቸው ከሥር እንዲደግፉ፣ ፋታ ባገኙ ቁጥር ካሜራውን አውርደው እጃቸውን እንዲያፍታቱ መከሯቸው፤ እናታቸውም ከትከሻ ወደ ዳሌ የሚሻገር ሰፊ ማንገቻ ሰፉላቸው። ሕመሙ ጋብ አለ፤ የጎበጠው አንገት ግን አልተቃናም።

የፎቶ ክፍሉ የኃላፊነት ቦታ ሲለቀቅ፣ በሥራም በአገልግሎትም የሚቀድማቸው ሳይኖር፣ ሥራ አስኪያጁ «ቀና ብሎ ሰው የማያይ ዓይነ አፋር እንዴት ሌላውን ያዛል?» ብለው፣ ሥራ ከእርሳቸው የተማረውን ሰው ሾሙ። ታናሽ ወንድማቸው በአቤቱታ ከቢሮ ቢሮ ቢንከራተትም፣ እርሱ ያልተናገረውን አንተ ምን አገባህ ተብሎ ተሸኘ። እርሳቸው ሆድ ይፍጀው ብለው ለአዲስ ገቢዎቹ የካሜራ አያያዝ ማስተማሩን ቀጠሉ። ወንድማቸው ግን እስከ ዛሬ አልረሳም፤ የመርሳት ሐሳብም የለውም።

በጡረታ ላይ ሳሉ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ማለዳ ከባለቤታቸው እጅ ውኃ ተጎንጭተው ዐረፉ።

ከመሥሪያ ቤታቸው የመጣው የሐዘን መግለጫ በአለቆቻቸው ፊት ሁልጊዜ በትሕትና ያቀረቅሩ እንደነበር ጠቅሶ አወድሷቸዋል። ቤተሰባቸው መልካም ምኞቱን አክብሮ ምስጋናውን ይመልሳል። እርሳቸው ለማንም አላቀረቀሩም። አንገታቸውን ያማቸው ነበር።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በእርሳቸው ላብ የተማረ አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሸክም ከሌለበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።