ዳምጠው አሰላ ላይ ቀረ

(አዳማ፣ እሁድ ከምሳ በኋላ። የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ፈትለወርቅ ስልኳን ይዛ ሽንት ቤት ገብታ ከውስጥ ቆልፋለች፤ ጎሚስታው ባሏ ምትኩ ከበሩ ውጭ ቆሟል።)

ምትኩ፦ ውጪ አልኩሽ። ዛሬ ሳትነግሪኝ ከዚህ በር ንቅንቅ አልልም።

ፈትለወርቅ፦ እንግዲያው ወንበር አምጣና ተቀመጥ።

ምትኩ፦ ቀልዱን ተይው። ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሽንት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?

ፈትለወርቅ፦ እስከ ዛሬ ካልገባህ እኔ አላስረዳህም።

ምትኩ፦ መጀመሪያ ሆድሽን ያመመሽ መስሎኝ ነበር። ለእማዬ ነግሬያት ኮሶ ትጠጣ ብላ ልካልሻለች።

ፈትለወርቅ፦ የእኔን ሆድ ለእናትህ ነገርክ?

ምትኩ፦ አሳስቦኝ ነዋ። አሁን ግን በሽታው የሆድ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ዳምጠው ማነው?

ፈትለወርቅ፦ ማን?

ምትኩ፦ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ዳምጠው፣ አትመለስ፤ እዚያው ጠብቀኝ» ስትዪ። ከዚያ ሳቅሽ። እኔ ቀልድ ሳወራ እንደዚያ ስቀሽ አታውቂም።

ፈትለወርቅ፦ ያንተ ቀልድ ያው ስለ ጎማ ነው።

ምትኩ፦ ፈትለወርቅ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። የመዝገብ ቤቱ አለቃ ነው?

ፈትለወርቅ፦ የአለቃዬ ጥርሶች ከእሱ ቀድመው ጡረታ ወጥተዋል።

ምትኩ፦ እና ማነው?

ፈትለወርቅ፦ ብነግርህ ትስቃለህ።

ምትኩ፦ በሚስቱ ውሽማ የሚስቅ ባል አይተሽ ታውቂያለሽ?

ፈትለወርቅ፦ ዳምጠው የሚባል ሰው የለም። ማለቴ አለ፤ ግን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው።

ምትኩ፦ ምን?

ፈትለወርቅ፦ ልብ ወለድ። ረጅም። በስልኬ።

ምትኩ፦ ሽንት ቤት ውስጥ?

ፈትለወርቅ፦ የት ልጻፍ ታዲያ? ሳሎን ስቀመጥ ኤዶም «እማዬ ካልሲዬ» ትላለች። ጓዳ ስገባ ሚልኪ «እማዬ ራበኝ» ይላል። መኝታ ቤት ስገባ ደግሞ አንተ...

ምትኩ፦ እኔ ምን?

ፈትለወርቅ፦ አንተ የምትለውን ጮክ ብዬ አልደግመውም፤ ልጆቹ ይሰማሉ።

ምትኩ፦ መሥሪያ ቤትሽስ?

ፈትለወርቅ፦ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ጠብ ስመዘግብ ነው የምውለው። ይሄ አጥሬን ገፋብኝ ይላል፣ ያቺ ሰደበችኝ ትላለች። ቤት ስመጣ ድስቱ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። እዚህ ቤት ሰው የማያንኳኳው በር ይሄ ብቻ ነበር። አሁን እሱንም ጀመርክ።

ምትኩ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እውነት ከሆነ አንብቢልኝ።

ፈትለወርቅ፦ አሁን?

ምትኩ፦ አሁን። ሰውየውን ከነልብሱ አውጪልኝ።

ፈትለወርቅ፦ እሺ፣ ስማ። «ዳምጠው ሽንኩርት ግዛ ተብሎ ዘንቢል ተሰጠው። ገበያው ጋ ሲደርስ ግን እግሩ አልቆመም፤ አልፎ አውቶብስ ተራ ገባ። ረዳቱ አሰላ፣ አሰላ ሲል እሱን የጠራው መሰለው። ባዶ ዘንቢሉን ጭኑ ላይ አድርጎ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ነበረች። አላነሳውም።»

ምትኩ፦ አላነሳውም?

ፈትለወርቅ፦ አላነሳውም።

ምትኩ፦ ባለጌ ነው። ቤት ድስት ተጥዶ እየተጠበቀ?

ፈትለወርቅ፦ እንዳንተ ዓይነት አንባቢ አይጣልብኝ።

ምትኩ፦ ሚስቱን ጠልቷት ነው?

ፈትለወርቅ፦ ይወዳታል። ልጆቹንም።

ምትኩ፦ እንግዲያው አሰላ ሌላ አለችው።

ፈትለወርቅ፦ አሰላ ማንንም አያውቅም። የሄደውም ለዚያ ነው። አንድ ቀን ስሙን የሚጠራው ሰው የሌለበት አገር መዋል ፈልጎ ነው።

ምትኩ፦ ከዚያስ?

ፈትለወርቅ፦ ወረደና አውቶብስ ተራው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እዚያው ነው።

ምትኩ፦ እዚያው ነው ማለት?

ፈትለወርቅ፦ ከፋሲካ ጀምሮ። እሱን እዚያ እንዳስቀመጥኩት ሚልኪን ኩፍኝ ያዘው። ከዚያ የአጎትህ ለቅሶ መጣ። ከዚያ ያንተ ወገብ።

ምትኩ፦ ሰውየው ከፋሲካ ጀምሮ የአሰላ ብርድ ላይ ነው? በሸሚዝ?

ፈትለወርቅ፦ በሸሚዝ።

ምትኩ፦ ጋቢ እንኳ ጣል አታደርጊበትም?

ፈትለወርቅ፦ በምን ጊዜዬ? አንዱን ዓረፍተ ነገር ስጀምር አንዱ ያንኳኳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የሚስቱን ስም ረስቼ ሌላ ስም አውጥቼላት ኖሮ ሰውየው ባለ ሁለት ሚስት ሆኖ አገኘሁት።

ምትኩ፦ እሱስ መች ጠላ።

ፈትለወርቅ፦ ይኸው ሳቅህ። ብዬህ ነበር።

ምትኩ፦ ፈትል።

ፈትለወርቅ፦ አቤት።

ምትኩ፦ እኔ ሽንኩርት ገዝቼ አላውቅም።

ፈትለወርቅ፦ አታውቅም።

ምትኩ፦ ስለዚህ ዳምጠው እኔ አይደለሁም።

ፈትለወርቅ፦ አይደለህም።

ምትኩ፦ አንቺ ነሽ?

ፈትለወርቅ፦ ደረስክበት።

ምትኩ፦ ታዲያ ለምን ወንድ አደረግሽው?

ፈትለወርቅ፦ ሴት ባደርጋትማ ገና ከሰፈር ሳትወጣ «የት ነሽ? ወጡ አረረ» ተብላ ትመለሳለች። ልብ ወለዱ አንድ ገጽ ሳይሞላ ያልቃል።

ምትኩ፦ አንቺስ... እሄዳለሁ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?

ፈትለወርቅ፦ አንድ ቀን ተሳፍሬ ነበር። መስኮቱ ጋ።

ምትኩ፦ የአሰላ አውቶብስ ላይ?

ፈትለወርቅ፦ የአሰላ። ሳይሞላ ወረድኩ። ሽንኩርቴን ገዝቼ መጣሁ። በር ላይ «ምነው ዘገየሽ?» አልከኝ።

ምትኩ፦ አላስታውሰውም።

ፈትለወርቅ፦ አንተ በምን ታስታውሰዋለህ? ወጡ ደርሶልሃል። በማግስቱ እዚህ ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ። አውቶብስ ተራው ሩቅ ነው፤ ሽንት ቤቱ ይቀርባል።

ምትኩ፦ የእውነት ውሽማ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ፈትለወርቅ፦ ምን?

ምትኩ፦ ውሽማ ቢሆን ሄጄ እደበድበዋለሁ፣ ወይ ይደበድበኛል፣ ያልቃል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ያለን ሰው ምን አደርገዋለሁ?

ፈትለወርቅ፦ ተወው፤ ብርዱ ይበቃዋል።

ምትኩ፦ በሩን ክፈቺ።

ፈትለወርቅ፦ ለምን?

ምትኩ፦ ሰው በዚህ ሽታ ልብ ወለድ አይጽፍም። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጪ። እኔ ልጆቹን ይዤ ጎሚስታ ቤት እሄዳለሁ።

ፈትለወርቅ፦ እሁድ ዝግ ነው።

ምትኩ፦ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ጎማ ሲያንከባልሉ ይውላሉ።

ፈትለወርቅ፦ ልብሳቸውን ጥላሸት አድርገህ ልታመጣልኝ።

ምትኩ፦ አጥባለሁ።

ፈትለወርቅ፦ አንተ?

ምትኩ፦ ሳሙናው የት እንደሆነ ታሳዪኛለሽ። ስንመለስም ሽንኩርት እገዛለሁ።

ፈትለወርቅ፦ አውቶብስ ተራ እንዳትገባ ብቻ።

ምትኩ፦ ሁለት ልጅ ይዤ ማን ያሳፍረኛል?

ፈትለወርቅ፦ ዛሬን ብቻ ነው ወይስ...

ምትኩ፦ እሁድ እሁድ ይሁን። እማዬንም «ሆዷ ድኗል» እላታለሁ። አንቺ ግን ሰውየውን ከድንጋዩ አስነሺው። የሆነ ሰው ሻይ ይጋብዘው።

ፈትለወርቅ፦ ሴት ብትጋብዘውስ?

ምትኩ፦ ሽማግሌ ይሁኑ። ዳዊት የሚደግሙ ሽማግሌ።

ፈትለወርቅ፦ ይኸው፣ ከፍቼዋለሁ። እንደዚያ አትየኝ፤ ሂድ፣ ለልጆቹ ጫማ አድርግላቸው።

ምትኩ፦ እሺ። ስንት ሰዓት እንመለስ?

ፈትለወርቅ፦ እስክትናፍቁኝ ቆዩ።