ከአልጋው ራስጌ የተሰማው ቤዝ፤ የአቶ እምሩ አይተንፍሱ ዜና ሕይወት

ሥራችሁን ትታችሁ፣ ፀሐዩን ችላችሁ ለሽኝት የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የዕድር አባላትና ጎረቤቶች፣ የአቶ እምሩን ታሪክ ሳናስረዝም እናሰማችኋለን፤ እሳቸው ራሳቸው በየለቅሶው ንግግር ሲበዛ «አሳጥሩት እንጂ፣ ሰው ቆሞ ነው» እያሉ የሚያጉረመርሙ ሰው ነበሩና።

አቶ እምሩ ከአባታቸው ከአቶ አይተንፍሱ ወርቁ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ ተክሌ በ1942 ዓ.ም. በአራዳ፣ እሪ በከንቱ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረውና ዳዊት ደግመው፣ ቀጥሎም በአካባቢያቸው በሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ሲሆን፣ የኔታቸው ግን ገና ያኔ «ይህ ልጅ ቃሉን ይረሳል፣ የከበሮውን ምት ግን አይረሳም» ብለው ነበር ይባላል። የኔታ አልተሳሳቱም፤ አቶ እምሩ የሰው ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያምታቱ ኖረዋል።

በጉብዝናቸው ወራት ፒያሳ በሚገኝ አንድ ሆቴል ይጫወት ከነበረ ባንድ ጋር ተቀላቅለው፣ ጣሊያን ሠራሽ ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር አንግተው ቅዳሜ ቅዳሜ ሰውን ሲያስጨፍሩ ቆዩ። ጭብጨባው ለዘፋኙ፣ ፉጨቱ ለሳክስፎን ነፊው ሆኖ፣ ለቤዝ ተጫዋቹ የሚተርፈው የወለሉ መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም በዚህ ቅር ተሰኝተው አያውቁም። ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ በስልክ ኦፐሬተርነት የሚያገለግሉት ወይዘሪት ሰርክአዲስ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ አዳራሹ መጥተው ኖሮ፣ ሙዚቃው ሲያበቃ ዘፋኙን አልፈው ወደ እምሩ ቀረቡና «ከእግሬ ሥር የሚመጣው ያንተ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። በዓመቱ በቅዱስ ጋብቻ ተሳሰሩ፤ ወይዘሮ ምኞት እምሩንና አቶ ቴዎድሮስ እምሩንም አፈሩ።

ዘመኑ ተለውጦ ሰዓት እላፊ በታወጀና የምሽቱ ጭፈራ በቀዘቀዘ ጊዜ ባንዱ ተበተነ። አቶ እምሩም በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥረው፣ ጡረታ እስከወጡ ድረስ በማሽን ሠራተኝነት በትጋት አገልግለዋል። ቤዝ ጊታሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ ተሰቀለ። ልጅ ሲያድግና ኑሮ ሲከብድ ማን ቀና ብሎ ያየዋል?

ወይዘሮ ሰርክአዲስ የሰው ድምፅ ሲያገናኙ የኖሩበት ጆሯቸው ከጡረታ በኋላ እየከዳቸው ሄደና፣ ባለፉት ዓመታት የሚወዷቸውን ሰዎች ድምፅ እንኳ መለየት ተሳናቸው። በዚያ ቤት ነጋ ጠባ የሚሰማው የባልና ሚስት ቀልድም አብሮ ቀረ፤ ቀልድ ተጮሆ አይነገርምና። አቶ እምሩ በዚህ ክፉኛ አዘኑ። ካዘኑም በኋላ ያቺን የጥንቷን ጥያቄ አስታወሱ፤ ሰርክአዲስ የእሳቸውን ሙዚቃ መጀመሪያም ቢሆን በእግር እንጂ በጆሮ አልሰሙትም። ስለዚህ ከመሞታቸው በፊት ያን ቤዝ አስነሥተው፣ ለባለቤታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ለማሰማት ቆርጠው ተነሡ።

ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ግን ለካ ጣሪያው ለዓመታት ሲያንጠባጥብበት ኖሯል። እንጨቱ ደኅና ሆኖ፣ ከክሮቹ ሥር ተቀምጠው ንዝረቱን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልኩት፣ ሙዚቀኞች ፒካፕ የሚሏቸው ሁለት ማግኔቶች ዝገው፣ ጥቅል ሽቧቸውም እንደ ሻጋታ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። አቶ እምሩ የልብ ወዳጃቸውን፣ ሬድዮ ጠጋኙን አቶ አብዱልሃኪምን ይዘው ፍለጋ ጀመሩ። መርካቶን አሰሱ፣ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫዎችን በር አንኳኩ፤ የሚገኘው ሁሉ አዲስና ሰፊ እየሆነ ከቤዙ ጎድጓዳ አልገባ አለ። እንደ ምንም የገባው አንዱ ደግሞ ለባለ ስድስት ክር ጊታር የተሠራ ስለ ነበር፣ ከአራቱ ክሮች ሁለቱ ሲናገሩ ሁለቱ ዲዳ ሆኑ። ወጣት ባለሙያዎች «አባባ፣ እንጨቱን ትንሽ እንፈልፍለውና አዲሱን እናግባልዎ» ቢሏቸው፣ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ብለው ቤዛቸውን አቅፈው ወጡ። በዚህ መካከል የአቶ አብዱልሃኪም የፒያሳ ሱቅ ለልማት ፈርሶ ሥራቸውን ፎቅ ላይ ወዳለው መኖሪያ ቤታቸው ሲያዛውሩ፣ የአቶ እምሩም ልብ ድካም ጸንቶ ሐኪም ደረጃ እንዳይወጡ ከለከላቸው። እሳቸው ግን ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡት።

ፍለጋው የተቋጨው አፍንጮ በር፣ በአቶ አብርሃ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። አቶ እምሩ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ተቀምጠው በመስተዋቱ ቢያዩ፣ ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ ቤዙን የሠራው ያው የጣሊያን ፋብሪካ የሠራው አንድ አሮጌ ጊታር ለጌጥ ተሰቅሏል። የዚያ ፋብሪካ ማግኔት ወጥ ዘንግ ስለ ነበር ለአራትም ለስድስትም ክር ያገለግላል፤ ይህን የሚያውቁት አቶ እምሩ ግማሽ ጭንቅላታቸው ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ ብድግ አሉ። አቶ አብርሃም ጊታሩ የአባታቸው ማስታወሻ ነውና አልሸጥም ካሉ በኋላ፣ የሽማግሌው ሁኔታ አንጀታቸውን በልቶት «እንግዲያስ ሆድ ዕቃውን ውሰዱ፣ ቆዳውን ለግድግዳዬ ተዉልኝ» ብለው በነፃ ሰጧቸው። እግዜር ይስጥልን።

አቶ አብዱልሃኪም ሲነቀሉ የተበጠሰውን ሽቦ ጠግነው ማግኔቶቹን ከቤዙ ጋር አገጣጠሙ፤ ድምፅ ማጉያም ተዋሱ። ሊሰኩት በተቀጣጠሩበት ዕለት ማለዳ ግን የግድግዳ ተጋሪያቸው አቶ አስገዶም በድንገት አረፉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና፣ አቶ እምሩ እንኳን ቤዝ ሊጫወቱ ሬድዮናቸውንም ዘጉ፤ የአስገዶም ዐርባ ሳይወጣ በዚህ ቤት ሙዚቃ አይሰማም አሉ። የልባቸውን ድካም የምታውቀው ምኞት «አባዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገህ አንዴ ብቻ ሞክረው» ብላ ብትለምናቸው፣ «ልጄ፣ ቤዝ ዝቅ ቢልም ግድግዳ ያልፋል። ንግስቲ ባሏን ቀብራ የኔን ጭፈራ ትስማ?» አሏት። ዐርባው ላይ እንደማይደርሱ ሳያውቁት አልቀሩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከአልጋው ራስጌ ተደግፈው ስፌታቸውን ይዘው ሳለ፣ አቶ እምሩ አጠገባቸው ተቀምጠው ያልተሰካውን ቤዝ ክሩን ብቻ ሊቃኙ ጀመሩ። የቤዙ አካል ከራስጌው እንጨት ጋር ተነካክቶ ነበር። ሳይሰካ ድምፁ ከክፍሉ በር እንኳ አያልፍም፤ ጣታቸው ግን ሳያስቡት ያን የድሮውን የቅዳሜ መክፈቻ ዜማ ያዘ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ስፌታቸውን አስቀምጠው፣ ጀርባቸውን እንጨቱ ላይ ይበልጥ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «ይቺ የቅዳሜዋ ናት!» አሉ። አቶ እምሩ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ ሁሉ፣ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ይጫወታሉ፣ ባለቤታቸው በጀርባቸው ይሰማሉ፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሐዘን አልተነካም። ያን ሁሉ አገር ያዞራቸው ፒካፕ ቦታው ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

አቶ እምሩ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የጎረቤታቸው ዐርባ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ወይዘሮ ንግስቲ፣ አቶ እምሩ ለእሳቸው ሐዘን ሲሉ ቤዙን ሳይሰኩ መቅረታቸውን የሰሙት ትናንት፣ ከምኞት አንደበት ነው። እሳቸውም የባላቸው ዐርባ ቢወጣም የእምሩ ዐርባ እስኪወጣ በቤታቸው ሬድዮ እንደማይከፈት ተናግረዋል። የእምሩ ዐርባ በወጣ ዕለት አቶ አብዱልሃኪም ቤዙን ይሰኩታል፤ በዚያን ጊዜ ግድግዳው ቢንቀጠቀጥ የሚቀየም ጎረቤት የለም።

አቶ እምሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰርክአዲስን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ከወንድም የማይተናነሱትን አቶ አብዱልሃኪምን፣ እንዲሁም አንድ የዳነ ቤዝ ጊታር ትተውልን ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎች አባቶች ዘንድ ያኑርልን፣ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥልን። ወይዘሮ ሰርክአዲስ እስካሁን የተነበበውን አልሰሙም፤ በቀኝና በግራቸው ያላችሁ እባካችሁ አሜን ስትሉ እጃቸውን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙላቸው፣ እሳቸው በዚያ ይሰማሉ።