ነርሷ ለኮምፒውተሩ ያስተማረችው ጥያቄ

ጡረተኛው መምህር በሐኪም ቤቱ መግቢያ ከቆመው አዲስ ኮምፒውተር የተራ ወረቀት ተቀብለው፣ በላዩ በትልቁ የታተመውን ቁጥር አርባ ሁለትና በር ሰባት በግድ ለይተው፣ ከሰባተኛው በር ፊት ለፊት እንደ ችሎት ዳኛ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል። ረሳሁ ብሎ የሰው እርዳታ መጠየቅ ግን፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቁ ለኖሩ መምህር በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አልነበረም። በዙሪያቸው የተቀመጡት ሁሉ ሴቶች መሆናቸውን ልብ ብለው፣ «ወንዱ ለጤናው የማያስብ ሆኖ ቀረ» ሲሉ በሆዳቸው ታዘቡ።

«ጋሼ! እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ቀና ቢሉ የእኅታቸው ልጅ ናት። አሳድገው፣ አስተምረው ለነርስነት ያበቋት እሳቸው ናቸው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ካገለገለች በኋላ ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ወደ ሐኪም ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ከተዛወረች ሦስት ወሯ ነው፤ እሳቸውም ካኮረፏት ሦስት ወራቸው። የሆነ ሆኖ፣ ወደ ነርስነቷ እንድትመለስ የሚጠይቅ፣ ፊርማዋ ብቻ የቀረው ማመልከቻ በደረት ኪሳቸው ይዘው ሰንብተዋል። ዋና ነርሷ ቦታዋን ክፍት አድርጋ የምትጠብቃት እስከ ዛሬ ብቻ እንደሆነም ሰምተዋል።

«ለደም ግፊቴ ነዋ! ምን እሠራለሁ ብለሽ ነው?»

ልጅቱ በሩን አየች፤ የእሳቸውን እጅ አየች፤ ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «ወረቀትዎን እስቲ ልየው?»

«ተራዬን አውቃለሁ። ይልቅ ተቀመጪና ይህን ፈርሚ።»

ማመልከቻውን ተቀብላ አነበበችው። «የእጅ ጽሑፍዎ አሁንም እንዳማረ ነው።»

«ፈርሚ አልኩ እንጂ ማርክ ስጪኝ አላልኩም። አንቺ ልጅ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል በተረት ነበር የማውቀው። በሠላሳ አራት ዓመትሽ ከጎረምሳ ጋር እንደ አዲስ ፊደል መቁጠር ምን ይሉታል?»

«ዓመት ተኩል ማታ ማታ፣ ከሥራ ስወጣ ተምሬ ነው እኮ ጋሼ። መጀመሪያማ የኮምፒውተር ክፍሉ ልጆች ‹እማማ› እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አሁን ‹እስቲ እይልን› ይሉኛል።»

«ምኑን ታዪላቸዋለሽ? መርፌና ኮምፒውተር ምን አገናኛቸው? ይህ እኮ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው!»

«ላሟማ ውላለች ጋሼ። የት እንደዋለች የማያውቁት እነርሱ ናቸው።»

መልሱ ሽማግሌውን ነካ አደረጋቸው። መምህር መቼም መምህር ነው፤ ቢቆጣም ብልህ መልስ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል።

«እስቲ አስረጂ» አሉ፣ በክፍል ውስጥ እንደለመዱት።

«ነርስ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት በሽተኛውን ምን ብላ ትጠይቀዋለች?»

«‹እገሌ ነህ?› ትለዋለቻ።»

«አትልም። የታመመ ሰው ‹እገሌ ነህ?› ሲሉት አዎ ይላል። ይደክመዋል፤ ያፍራል፤ ቶሎ ቢተዉትም ደስ ይለዋል። ስለዚህ ‹ስምዎን ይንገሩኝ› ነው የምንለው። የመግቢያው ኮምፒውተር ግን የካርድ ቁጥር ያስጽፍና ‹እርስዎ እገሌ ነዎት?› ይላል።»

«ታዲያ ቂል ካልሆነ በቀር በሰው ስም አዎ የሚል ማን ነው?»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ሰባተኛው በር ተከፈተ። አዋላጇ ከመዝገቧ ቀና ሳትል፣ «ቁጥር አርባ ሁለት! ስንተኛ ወርሽ ነው?» ስትል ጮኽ ብላ ጠየቀች።

መምህሩ ወረቀታቸውን ከፍ አድርገው ከነከዘራቸው ተነሡ።

አዋላጇ ቀና አለች። አግዳሚው ላይ ከነበሩት ነፍሰ ጡሮች አንዷ፣ «አባባ፣ የእርስዎስ ገና አልገፋም» ብትል ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ።

መምህሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ልጅቱ አልሳቀችም። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«መነጽሬን ረስቼ ነው። ቁጥሩን ስጽፍ ሳልሳሳት አልቀረሁም። አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ አልታየኝም፤ አዎ አልኩት። መርፌ ቢሆን ኖሮስ?»

«የእኔም ሐሳብ እርሱ ነው ጋሼ። በነርስነቴ አንድ አልጋ አጠገብ ቆሜ አንድ ስሕተት እይዝ ነበር። ጥያቄው ከተለወጠ ግን በዚህ ደጅ የሚገባው ሁሉ ይተርፋል።»

«ጥያቄውን የሚጽፈው ኮምፒውተሩ ራሱ አይደለም?»

«ሰው ነው እንጂ! የጻፉት ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ በሽተኛ አስታመው ግን አያውቁም። እኔ የምሠራው አዲሱ ጥያቄ፣ ‹የተወለዱበትን ዓመት ይጻፉ› ይላል። ዓመቱ ከካርዱ ካልገጠመ ኮምፒውተሩ ተራ አይሰጥም። ‹ስሕተት!› ብሎ ሠራተኛ ይጠራል።»

«በሽማግሌ ፊት ‹ስሕተት!› ብሎ መጮኽ ምን የሚሉት ነው? ማን ነው ያሳደገው?»

ማመልከቻውን ከእጇ ነጥቀው ገለበጡት። ዓይናቸው ባያግዛቸውም እጃቸው ልማዱን አልረሳምና በጀርባው እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ ‹ዓመቱ ከካርዱ ጋር አልገጠመልንም። እባክዎ ይታገሡን፤ የሚረዳዎ ሰው እየመጣ ነው።›

ልጅቱ አንብባ ፈገግ አለች። «ፊርማውስ ጋሼ?»

«የወረቀቱ ፊት ተሰርዟል» አሉ፣ ከዘራቸውን እያነሡ። «የሚነበበው ጀርባው ነው። አሁን ወደ ደም ግፊቱ በር ውሰጂኝ፤ ስንተኛ እንደሆነ አይታየኝም።»

አንባቢ ሆይ፣ ሙያ የሚለውጥ ሰው የቀደመውን ሙያውን እንደ አሮጌ ጫማ ደጅ ጥሎ የሚገባ የሚመስለው ብዙ ነው። ይህች ሴት ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት በአልጋ ዳር የቀሰመችውን ይዛው ገባች። የኮምፒውተሩ ልጆች የማያውቁትን አወቁ፤ ሐኪም ቤቱም በሰው ስም ሰው ከማከም ዳነ፤ እርሷም የሁለት ሙያ ባለቤት ሆነች።

መምህሩ በተከታዩ ወር መነጽራቸውን አድርገው መጡ። ከኮምፒውተሩ ፊት ቆመው የተወለዱበትን ዓመት አውቀው አሳስተው ጻፉ። ስክሪኑ በራሳቸው ቃል ይቅርታ ሲጠይቃቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሠራተኛው እየሮጠ ቢደርስ፣ «አይጨነቁ ወንድሜ፤ ቋንቋውን እየፈተንኩ ነው» አሉት።