ፊደል ለቃሚው እና ጥቁሮቹ መስመሮች

ሰው በስሙ ፋንታ መስመር ቢለጠፍበት፣ ማን ሲሉት ነው አቤት የሚለው? ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ከሆስፒታል ይዘውት መጡና እኔ ላይ ጣሉት። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ መጨነቁን ግን ማንም ሳያስተምረኝ ተክኜበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር አለባቸው። ሐኪሙ "ጠጠሩ መንገዱን ከዘጋው ለሕይወትዎ ያሰጋል፤ ቶሎ መውጣት አለበት" ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው። ሄደው አልጋ ያዙ። አንዲት ነርስ እየተጣደፈች መጥታ በግራ እጃቸው አንጓ ላይ ነጭ የላስቲክ አምባር አሰረችባቸው። በላዩ ላይ፣ በሳሙና መጠቅለያ ላይ እንደምናየው ያለ ጥቁር መስመር ተደርድሮበታል። "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" ቢሏት "የእርስዎ ቁጥር ነው፤ እንዳይነኩት" ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። እሳቸውም አምባሩን በጥሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው እቤታቸው ገቡ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነውና ስልክ ደውሎ ለማግስቱ ጠዋት ሌላ ቀጠሮ ያዘላቸው። ይኸኛው ካመለጠ ግን ተራው መቼ እንደሚደርሳቸው እሱም አያውቅም።

ባለቤቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ለማያውቅ ላስረዳ። ያን ጊዜ መጽሐፍ የሚታተመው ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎች አንድ በአንድ ከመሳቢያ እየተለቀሙ ሲደረደሩ ነበር። የሙሽራውንም የሟቹንም ስም የደረደሩ ጣቶች ናቸው። ታዲያ እኒህን ሰው ማንበብ የማይችሉትን ነገር በገዛ ገላቸው ላይ ቢያስሩባቸው እንዴት አይከፋቸው?

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃችን ሳይታሰብ ብቅ አለች። በመድኃኒት መጋዘን የኮምፒውተር ሠራተኛ ናት፤ በሰፈራችን ስታልፍ ነው ጎራ ያለችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጥያቄ ስለምታበዛ ወይዘሪት ለምን እንላታለን። አያቷን ጎናቸውን ይዘው ወንበር ላይ ኩርምት ብለው አገኘቻቸው።

"አባባ! ሆስፒታል አልነበሩም እንዴ? ለምን መጡ?"

"ይኸው ጀመራት" አሉ። "ሳሙና አድርገውኝ ነበር። ዋጋዬን ሳይለጥፉብኝ ልሽሽ ብዬ ነው።"

"እርስዎን ደግሞ ማን ገዝቶ ይችልዎታል?"

ሊስቁ ሲሉ ጎናቸውን ወጋቸውና ትንፋሻቸው ተቆረጠ። እኔ ትራስ ይዤ ሮጥኩ። "አታስቂያቸው፣ አንቺ ልጅ!" ብዬ ጮህኩ፤ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ እያወቅሁ።

ሕመሙ ጋብ ሲል ከኮታቸው ኪስ አምባሩን አወጡ። "ተመልከቺ። በእኛ ጊዜ የተበላሸ ነገር በምላጭ ይፋቃል። እኔም ፍቄላቸዋለሁ።" እውነትም የመስመሮቹ የላይኛው ግማሽ ተፍቆ ነጥቷል።

ልጅቱ ስልኳን አውጥታ አምባሩ ላይ ደቀነችው። ስልኩ ጢጥ አለና ቁጥር ደረደረ።

"አነበበው" አለች።

"ምኑን አነበበው? ፍቄዋለሁ እኮ!"

"ግማሹን ነው የፋቁት፣ አባባ። መስመሮቹ ለምን ረጃጅም የሆኑ ይመስልዎታል? ቁጥሩ የተጻፈው በቁመታቸው አይደለም። በውፍረታቸውና በመካከላቸው ባለው ነጭ ክፍተት ነው። ቀጭን፣ ወፍራም፣ ጠባብ፣ ሰፊ። ከላይ ቢፋቅ፣ ከታች ወጥ ቢፈስበት፣ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ቀጭን ሰበዝ የምታህል ከተረፈች መሣሪያው ያነባታል።"

"ነጩም ይነበባል?"

"ነጩም ይነበባል።"

ባለቤቴ አምባሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። በማተሚያ ቤትም በቃልና በቃል መካከል የሚገባ ባዶ እርሳስ እንደነበረ ነግረውኛል፤ ባዶውን የናቀ ለቃሚ ገጹ ይፈርስበታል ይሉ ነበር።

"ተሳስቶ ቢያነብስ?" አሉ፣ ድምፃቸው አሁን ትንሽ ለዝቦ።

"መጨረሻው ላይ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። ከሌሎቹ በሒሳብ የሚወጣ ነው። አንዱ ከተዛባ ሒሳቡ አይገጥምም፤ መሣሪያውም አልቀበልም ይላል።"

"አራሚውን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው በይኛ!"

"እንደሱ ነው።"

"የእኛ አራሚ ሲፈለግ ሁልጊዜ ምሳ ላይ ነበር" አሉ። እኔም ውስጤ ትንሽ ተንፈስ አለ። ባለቤቴ መቀለድ ሲጀምሩ መስማት ጀምረዋል ማለት ነው።

ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። "ይሁን፣ ብልሃት አለው። ቢሆንም ቁጥር ነው። እኔ ግን ስም አለኝ፤ ስሜ የሚጻፈውም በፊደል ነው።"

"ፊደሉም ቢሆን ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ቁጥር ነው፣ አባባ።"

"ማን ፈቅዶ?" ብለው ከወንበራቸው ሊነሱ ቃጡ።

"ይቆዩማ፣ ይስሙኝ። ማተሚያ ቤት ሳሉ ሀን ሲፈልጉ በዓይንዎ ነበር የሚፈልጉት?"

"በዓይኑ የሚፈልግ ጀማሪ ነው። ጣቴ ክፍሏን ያውቀዋል።"

"እንግዲያው ለጣትዎ ሀ ማለት ቦታዋ ነበረች። አሁንም የተደረገው ያው ነው። ከየአገሩ የተውጣጡ ባለሙያዎች ተስማምተው ለሰው ልጅ ፊደል ሁሉ አንድ ትልቅ መሳቢያ አበጁ፤ ዩኒኮድ ይሉታል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቁጥር አለው። የእኛ ሀ አራት ሺህ ስድስት መቶ ስምንት ናት። ሁ አራት ሺህ ስድስት መቶ ዘጠኝ፣ ሂ አራት ሺህ ስድስት መቶ ዐሥር እያለ ይሄዳል። መልእክት ስልክልዎ መንገድ ላይ የሚጓዘው ቁጥሩ ነው። ሲደርስ የእርስዎ ስልክ ከየክፍሉ ፊደሉን ይለቅምልዎታል።"

"ስልኩ ነው የሚለቅመው?"

"በእርስዎ ቦታ ገብቶ።"

ጣታቸውን በማይታየው መሳቢያ ላይ አንቀሳቀሱ። ከዚያ "ለ ቁጥሯስ ስንት ነው?" አሉ።

"አራት ሺህ ስድስት መቶ ዐሥራ ስድስት።"

በጣታቸው ቆጠሩ። ከሀ እስከ ሆ ሰባት ነው፤ እሷ ግን ስምንት ነው የዘለለችው። ደግመው ቆጠሩ። ድንገት ዓይናቸው በራ። "ስምንተኛውን ክፍል ለዲቃሎቹ ፊደሎች ትተውታል! ለሏ፣ ለሟ! ታዲያ ሐመሩ ሐ... ስምንት ጨምሪበት... አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ አራት መሆን አለበት።"

ልጅቱ ስልኳ ላይ ፈለገች። ማያውን ወደ እሳቸው አዞረችው። "ሃያ አራት ነው።"

"ከሀ ጋር አልደባለቁትም?"

"አልደባለቁትም። ብዙኃኑም ኀ የራሱ ቤት አለው። እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠም ለየብቻ ናቸው።"

ባለቤቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም እሳት ላይ የተውኩት ሽንኩርት እያረረ መሆኑን አውቄ መነሳት አቃተኝ። ሽንኩርት ስከትፍ ጠረጴዛ ላይ የምወረውረው ስልክ፣ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ሁሉ በየቤቱ አስቀምጦ፣ ከማናውቃቸው ሕዝቦች ፊደል ጋር አንድም ሳያጋጭ ይዞ ይኖራል። የማያውቁን ሰዎች ቁጭ ብለው ፊደላችንን በወጉ ቆጥረውልናል።

"ታዲያ በስሜ ለምን አይጠሩኝም?" አሉ ባለቤቴ፤ ይህኛው ግን የጠብ ጥያቄ አልነበረም።

"ይጠሩዎታል። ስምዎ ይኸው ከመስመሩ ሥር ተጽፏል፤ መነጽርዎን ሳያደርጉ ነው የተቀየሙት።"

መነጽራቸውን አድርገው አምባሩን አዩ። ስማቸውን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ግን በአንድ ክፍል ሁለት ሞክሼ ሊተኛ ይችላል" አለች፣ ቀስ ብላ። "ደም ቢያስፈልግዎ የደሙ ከረጢትም የራሱ መስመር አለው። ነርሷ ሁለቱንም ታስነብባለች። ለሌላ ሰው የተመደበ ደም ከሆነ መሣሪያው ይጮኻል።"

"መብራት ቢጠፋስ?" አልኩ እኔ። ያልጠየቅሁት ነገር ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

"ስሙ በፊደል የተጻፈው ለዚያ ነው፣ እማማ። 'ስምዎ ማነው?' ብለውም ይጠይቋቸዋል። መስመሩ ሰውን አይተካም። የደከመ ሰው ሲሳሳት ይይዘዋል እንጂ።"

"ይህን ያቺ ነርስ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"እሱ ላይ ልክ ነዎት። መንገር ነበረባት።"

እኔም ለአንባቢዬ የምለው ይህንኑ ነው። አዲስ ነገር ሲያስሩባችሁ ከመበጠሳችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልስ እስክታገኙም አትልቀቁ። መድኃኒት አውጥታችሁ ካርቶኑን አትጣሉ፤ በላዩ ያለው መስመር የመድኃኒቱን ምንነት ለባለሙያው ያሳውቃል። እናንተ የተማራችሁ ደግሞ ለሽማግሌ ለማስረዳት ጊዜ አትንፈጉ። ስሙን በፊደል የሚወድ ሰው፣ በወጉ ከነገሩት፣ ቁጥርም ስሙን የሚጠብቅበት መንገድ እንዳለ ይገባዋል። የልጅ ልጄ ሒሳብ ከማስረዳቷ በፊት የአያቷን ሙያ አከበረች፤ በሩ የተከፈተላትም በዚያ ነው።

ባለቤቴ ግን "ነገ እሄዳለሁ" አላሉም። ልጅቱ ተሰናብታ ስትወጣም አላሉም። እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ፤ እምቢ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ለባብሰው ቆመዋል። የግራ እጃቸውን እጅጌ ከኮቱ ጋር እስከ ክርናቸው ድረስ በጥንቃቄ ጠቅልለውታል፤ አንጓቸው ራቁቱን ነው።

"ብርድ ነው እኮ፣ እጅጌዎን ይልቀቁት" አልኩ። "ልከተልዎት? ውሃ ልያዝ?"

እጅጌያቸውን እንደ ጠቀለሉት በሩን ከፈቱና፣ አዲስ አምባር ወደሚያስሩበት ሆስፒታል አመሩ።