በጫማዬ የገባ ፈንግል

በኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ ዶሮ ጭራ አዳሪ ነበረች፤ ብትታመም ማን ሐኪም ይጠራላታል? ገና ክንፏን ጣል ስታደርግ ቢላ ይፈለጋል፣ ሳትሞት ትታረዳለች፣ አለቀ። በክት ከሆነችማ ሐራም ናት፣ ትጣላለች። ታዲያ እዚህ ሸዋ ሮቢት በኛ ሰፈር አራጁ እኔ ነኝ፤ ባል የሌላት ሁሉ ዶሮዋን ታቅፋ እኔ ዘንድ ነው የምትሮጠው።

እና ልጄ ሐያት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ብታጣ፣ ጓሮ ቤት ሠርታ የእንቁላል ዶሮ አስገባች። ሁለት መቶ! ወላሂ እንደሷ የሚጠነቀቅ አላየሁም። በሩ ላይ የመድኃኒት ውሃ በሳፋ አስቀምጣ «ጫማውን ሳይነክር ማንም አይገባም» አለች። ማንም ስትል ታዲያ እኔንም ይጨምራል ብዬ መቼ አሰብኩ? የቤቱ ባለቤት ነኛ!

አንድ ቀን ጎረቤታችን ከድጃ፣ ባሏ የሞተባት ናት፣ አውራ ዶሮዋን ታቅፋ መጣች። አንገቱ ተጠማዟል፣ አረንጓዴ ያስቀምጠዋል። «ጋሽ ሰይድ ድረሱልኝ! በክት ሊሆንብኝ ነው!» «አምጪው» አልኩና ቢስሚላህ ብዬ አረድኩላት። እና እጄን ለቅለቅ አድርጌ፣ ያን ደም የረገጠ ጫማዬን እንደተጫማሁ፣ ለሐያት ዶሮዎች ውሃ ልጨምር ገባሁ። የዚህን አገር ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ውሃ ቶሎ ያልቅባቸዋል፤ መርዳቴ ነው እኮ!

ሳምንት አልሞላም። አንዷ አንገቷን ጠመዘዘች፣ በማግስቱ አምስት፣ ከዚያማ መቁጠሩንም ተውነው። የእንስሳት ሐኪሙ መጣና «ፈንግል ነው፤ አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም። ክትባቱስ?» አለ። «የመጀመሪያውን ወስደዋል፣ የሚቀጥለው ለሰኞ ነበር» አለች ሐያት። «ከውጭ የገባ ሰው አለ?» እኔ ቀድሜ «ማንም!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «የታመመ ዶሮ የነካስ?»

ሐያት ዞር ብላ አየችኝ። «አባ፣ የከድጃን አውራ ማን ነው ያረደው?» «እኔ።» «ከዚያስ?» «ከዚያማ... ውሃ ጨመርኩላቸው።» ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጓንቷን አጥልቃ የሞቱትን ልትለቅም ገባች። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ፣ እሷ ኖራ ነሰነሰችበት። አፈርኩ ልጆቼ፣ በልጄ ፊት አፈርኩ።

ታዲያ ቤቱን አጥባ፣ ኖራ ቀብታ፣ ወራት ባዶውን አቆይታ ዘንድሮ ሌላ አስገባች፤ ክትባቱን አንድ ቀን አታሳልፍም። እኔም የታመመ ዶሮ ይዘው ሲመጡ «ቅበሪው» ነው የምለው፤ የሚቀየሙኝ አሉ፣ ይቀየሙ። ከድጃ እንኳ አሁን የራሷን ታስከትባለች። ሐያት ግን በሩን ቆልፋ ቁልፉን ይዛዋለች። እንቁላል ሲያምረኝ ከደጅ ቆሜ እጣራለሁ፤ «ስንት ላውጣ፣ አባ?» ትለኛለች ከውስጥ። ጎረቤቱ «ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ በገዛ ቤትዎ!» እያለ ይስቅብኛል። ምን ታድርግ ታዲያ? እኔም ብሆን ለእኔ አልከፍትም፣ ሃሃሃ!