ባለ ሰባት ማፈኛው ደጋን

የአደን ክበባችን ሰዎች፣ እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ አላስረዝምም። ሮይስ አፉን ከከፈተ የቺሊ ወጡ ይቀዘቅዛል እንደምትሉ አውቃለሁ፣ ዛሬ ግን ሳህኔ ባዶ ሳይሆን እጨርሳለሁ። ለነገሩ የማወራው ለጋሽ ሃርላን ነው፤ እናንተ ብሉ። ድምፄን ከፍ ካደረግሁም የጋሼ ግራ ጆሮ ከበድ ስለሚል ነው እንጂ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው እንዲሰማ ብዬ አይደለም።

እንዴት ነዎት ታዲያ ጋሼ? ጉልበትዎስ? ሐኪሙ መሰላል አትውጣ አለዎት አሉ... ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡበትን የዛፍ ላይ የአደን ማማ በአንድ ቃል። የሚመጣው ቅዳሜ አደን ሊከፈት ነው፤ ኦክ ዛፎቹ ፍሬያቸውን ማራገፍ ጀምረዋል፤ አጋዘኖቹ የጎረቤትዎን የእትዬ ሎሪንን አጥር እየዘለሉ እርስዎ ማማ ሥር ነው የሚውሉት። ማማው ግን ባዶ። ለማን እንደሚሰጡት ዛሬ ከምሳ በኋላ እናገራለሁ ብለዋል ሲባል ሰማሁ። እኔ እንደሆንኩ አልፈልገውም፤ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል ስቀይር የሚያዞረኝ ሰው ነኝ። ሁለት ሰው ጠይቋል አሉ። አንዷ ዲያና ናት፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው። ሌላው ደግሞ... ሌላው ጥሩ ሰው ነው። በጣም ጥሩ። ስሙ ምን ያደርግልዎታል?

ዛሬ ጠዋት ለዒላማ የቆሙት የስፖንጅ አጋዘኖች ላይ ስንለማመድ አይተውት ይሆን? የደጋኑን ድምፅ ሰሙ? አልሰሙም። ከጆሮዎ አይደለም፤ እኔም አልሰማሁ። እኔ የሰማሁት ሰውየውን ነው። ቀስቱን ከመልቀቁ በፊት ስሙ አለን፤ ከለቀቀ በኋላ ሰማችሁ ወይ አለን፤ አልሰማንም ስንለው ለምን እንዳልሰማን ዐርባ ደቂቃ ቆሞ አስረዳን። ስለ ዝምታ እንዲህ አድርጎ የሚናገር ሰው በመላው ዊስኮንሲን ያለ አይመስለኝም። ቀስቱማ... ቀስቱ የት ደረሰ ብለው ሊጠይቁኝ ነው? ተዉት ጋሼ። ሰው ዝምታ እያስተማረ የቀስት ነገር ይነሣል እንዴ?

ክሩ ላይ የሚታሰሩትን የድምፅ ማፈኛዎች የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ ደጋን የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ለመጣ ሰው ሁሉ የምለውን ያውቁታል፤ ሁለት ይበቃሃል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ከክሩ ጫፍ ሩብ ያህል ገባ አድርገህ፣ ግራና ቀኙን እኩል አድርገህ እሰር። ዝናብ የሚያገኝህ ከሆነ ጎማው ይሻልሃል፤ ፀጥታ ከሆነ የምትፈልገው የቢቨሩን፣ የዚያን የወንዝ አውሬ፣ ጠጉር የሚያህል የለም፤ ሱፉም ርካሽ ነው፣ ክፉ አይደለም። አንዱን ምረጥ። እሱ ግን እጁ ለጋስ ነው። ጎማውንም፣ ጠጉሩንም፣ ሱፉንም አለኝ። ሰባት አሰረ። ሦስቱን ከላይ፣ ሦስቱን ከታች፤ ሰባተኛዋን... እሷ እንግዲህ ደስ ያላት ቦታ ናት። ከሩቅ ሲያዩት ክሩ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ነው የሚመስለው። ይህን ሁሉ ጓዝ የተሸከመ ክር ቢዘገይ ይፈረድበታል? ቀስቱስ መንገድ ላይ ደክሞት ቢቀመጥ? ከስፖንጁ አጋዘን ሆድ በታች ሣሩ ላይ አረፈ። ግን ሣሩን የመታው እንዴት ባለ ፀጥታ መሰለዎት።

አያያዙንማ ቢያዩ ትምህርት ነው። ጎማውን ፀሐይ ይፈጀዋል፣ መኪና ውስጥ አትተወው፣ በየዓመቱ ቀይረው ብዬው ነበር፤ የመኪናው መስታወት ሥር ከርሞ አሁን እንደ ቋንጣ ተሰነጣጥቋል። የቢቨር ጠጉሩ ዝናብ ከነካው አራግፈህ ጥላ ውስጥ አድርቀው፣ በማበጠሪያ ፈታ ፈታ አድርገው፣ ሰሙን ደግሞ ክሩን ቀባው እንጂ ጠጉሩን እንዳታስነካው አልኩት። ጠጉሩን ቀባው። አሁን ክብሪት ቢለኩሱበት ሻማ ነው። ሱፉንማ... ጋሼ፣ ሱፉን አጠበው። ንጽሕና የሚወድ ሰው ነውና በሚስቱ የልብስ ማለስለሻ አጠበው፤ ያ የላቬንደር አበባ የሚሸተው። እኛ ሞኞቹ የአደን ልብሳችንን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥበን፣ ከደረቅ ቅጠል ጋር ከረጢት ውስጥ ከትተን፣ የበሰበሰ ግንድ እስክንሸት፣ ሚስቶቻችን ሶፋው ላይ እስኪያስተኙን ድረስ ስንሰቃይ፣ እሱ ሽቶ እንደተቀባ ሙሽራ ሆኖ ማማ ላይ ይወጣል። አጋዘኖቹ ሸሹ እንጂ ምን ሆኑ? በፀጥታ ነው የሸሹት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ ይሉኝ ይሆናል። እውነትዎን ነው፤ ሰው ያለ ነገር ሰባት አያስርም። ያኔ ባለፈው ዓመት፣ በጥቅምት፣ እርስዎ ጉልበትዎን ሊያሠሩ ሆስፒታል በተኙበት ሳምንት ነው። ማማዎን አምነው ለአንድ ሰው ትተውለት ነበር። ለማን እንደሆነ እኔ ምን አውቄ... እርስዎ ያውቃሉ። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ክሬ ይጮኻል፣ ትናንት አንዲት አጋዘን ድምፁን ሰምታ ጎንበስ አለችብኝና አመለጠችኝ፣ ያለህን ማፈኛ ሁሉ አምጣ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ክር ከሰሙ ሊዘሉ ጎንበስ ይላሉ፣ ቀስቱም የታሰበለትን ቦታ አያገኝም። ስንቶቻችን ቀምሰነዋል። አመለጠችኝ ነው ያለኝ እንግዲህ። እኔም አዝኜለት ሸጥኩለት።

ማክሰኞ ከዲያና ጋር የማማዎን ማሰሪያ ልናይ ወጣን። ከማማው ሠላሳ እርምጃ ሳንሄድ ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? የሽንት ቤት ወረቀት። ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ። ደም የሚከተል ሰው ጠብታ ባየበት ሁሉ ቁራጭ ወረቀት እያንጠለጠለ እንደሚሄድ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ለሁላችንም ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ወረቀት፣ ሦስት ወረቀት... አራተኛው የለም። እኔ መቼም ለሰው ጥሩ ጥሩውን ነው የማስበው፣ ጥቅሉ አልቆበት ይሆናል አልኩ። ዲያና ጥቅሉን ከማማው ሥር አንሥታ አሳየችኝ። ገና ወፍራም ነው። እሑድ ከሰዓት ደግሞ በቴሌቪዥን ኳስ ነበረ። በስንት ሰዓት እንደተጀመረ እኔ አላስታውስም፤ ኳስ የሚወድ ሰው ያስታውሳል።

ዲያና ከሦስተኛው ወረቀት ሥር ተንበረከከችና ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገለበጠች ሄደች። የኛ ጥቅምት ቅጠል እንዴት እንደሚቀላ ያውቁታል፤ የደረቀ ደም ከቀይ ቅጠል መለየት ዐይን ያጠፋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በጉልበቷ። እኔ ከኋላ ከኋላዋ ወረቀት አንጠለጥላለሁ። አጋዘኗን እትዬ ሎሪን አጥር ሥር አገኘናት። ከሦስተኛው ወረቀት መቶ ሃያ እርምጃ ብትሆን ነው። ጭኗ ላይ ነው የተመታችው። ሣሩ ሦስት ቦታ ተጋድሟል፤ ተኝታ፣ ተነሥታ፣ ደግሞ ተኝታ... ቶሎ አልሞተችም ጋሼ። ሥጋው ለሰው የሚሆን አልነበረም።

እዚህ ግድግዳ ላይ ያለውን የስልክ ዝርዝር የለጠፉትም እርስዎ ነዎት። የደም ዱካ የጠፋበት ይደውል፣ የተደወለለት የያዘውን ጥሎ ይምጣ። እኔ ከልጄ የሠርግ ልምምድ ከረባቴን እንዳሰርኩ ሄጃለሁ። ዲያና አንዴ ከጥርስ ሐኪም ወንበር ተነሥታ፣ ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ፣ ምራቋ እየፈሰሰ መጥታለች። ያን እሑድ ግን የማንም ስልክ አልጮኸ። የዝርዝሩ አሥራ ዘጠኝ ቤት በሰላም ኳሱን አይቶ ዋለ። እንዴት ያለ ለሰው አሳቢ ነው? ሰባቱን ማፈኛ ሳይገዛ በፊት ስልኩን አፍኖልን ነበር።

እርስዎ አልጋ ላይ ስለነበሩ አልነገርንዎትም። ከዚያ ደግሞ፣ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ይነግራቸዋል፣ እኛ አንቅደመው ተባባልን። እነሆ ዓመት ሊሞላው ነው። ስለ አንድ ክር ዐርባ ደቂቃ የሚናገር ሰው ስለዚያች አጋዘን ትንፍሽ አላለም። የዝምታ አዋቂ ማለት እንዲህ ነው።

ምን አሉኝ? ማን ነው? አይ ጋሼ፣ እሱንስ ተዉኝ፤ የሰው ስም ምሳ ላይ አይጠራም። ከዚያ ጥግ ማንኪያ የወደቀ መሰለኝ... እስቲ አንሡለት እባካችሁ፣ መሬት ላይ የወደቀ ነገር መፈለግ አይሆንለትም።

ልምረጥልዎ ማለቴ አይደለም፤ ማማው የእርስዎ ነው። የዲያና ደጋን እንደሆነ ይጮኻል። ያላት ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ቆርጣ ያሰረቻቸው ሁለት ቁራጮች ናቸው፤ ስትለቀው በር የተወረወረ ይመስላል፣ የዛፉ ወፍ ሁሉ ይነሣል። እሷ ከተቀመጠች የሆነው ሁሉ ይሰማዎታል፤ የመታችውንም፣ የሳተችውንም፣ የጠፋባትንም መጥታ ነው የምትነግርዎት፣ እንቅልፍ አትሰጥዎትም። ያኛው ከተቀመጠ ግን ያርፋሉ። ጫካዎ ውስጥ ምን ቢሆን ምንም አይሰሙም። በእርስዎ ዕድሜ ዕረፍት ቀላል ነገር ነው?

ሳህኔም አለቀ። አንዲት መልእክት ብቻ አለችብኝ፣ እሷን አድርሼ ዝም እላለሁ። ያን ማክሰኞ እትዬ ሎሪን አጥራቸው ሥር ሲያዩን አካፋ ይዘው መጡ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉድጓዱን ከእኛ እኩል ቆፈሩ። ይህን ያደረገ ማን ነው አሉኝ። አልነገርኳቸውም። ጥሩ ሰው ነው፣ ኳስ ደርሶበት ነው አልኳቸው። ረገሙት ብለው ያስባሉ? እትዬ ሎሪን የሚራገሙ ሴት ናቸው? አፈሩን መለሱ፣ ጠፍጠፍ አደረጉት፣ አካፋቸው ላይ ተደገፉና መረቁት። ምርቃት ደግሞ የሰው ንብረት ነው፣ ሳላደርስ ይዤ መቅረት ከበደኝ። እንዲህ ነው ያሉት፦

«እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። የሚመታትን ሁሉ እየመራ ቤቱ ድረስ ያምጣለት፣ ወንበሩ ፊት ትውደቅለት። እሱ እንደሆነ አይነሣም።»