ወደ ግራ የበረረችው ወፍ

ውድ ለቀስተኞች፤ ይህን ዜና ሕይወት የጻፈችውና ቆማ የምታነብላችሁ የሟቿ የእህት ልጅ፣ ስለ አክስቷ መልካምነት አንድ ቃል ከመናገሯ በፊት የራሷን ጥፋት ማስቀደም ግድ ሆኖባታል። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አክስቷ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ዓመት ሙሉ ከጠለፉት የጠረጴዛ ልብስ ላይ አንዲት ወፍ በምላጭ ተርትራ አውጥታለች፤ ስትጠየቅም አልነካሁም ብላለች። ይህ ነገር በዛሬው ቀን ለምን እንደሚነሣ የሕይወታቸው ታሪክ ራሱ ያስረዳችኋል።

አክስታችን የተወለዱት ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ነው። አባታቸው በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ሰዓት የሚጠግኑ፣ እናታቸው ደግሞ በሆስፒታል የልብስ ክፍል ውስጥ የተቀደደ አንሶላ የሚሰፉና የሚጥፉ ነበሩ። እናትየው ከአገልግሎት የወጣውን አንሶላ ወደ ቤት ያመጡት ስለነበር፣ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ጥልፍ የተማሩት በዚያ ላይ ነው። ያረጀ ጨርቅ ደግሞ መርፌ ሁለት ጊዜ አይችልም፤ የተሳሳትኩትን ልተርትር ያለ ሰው ቀዳዳ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ አክስታችን በልጅነታቸው የጀመሩት ቅጠል ጠምሞባቸው ሲያለቅሱ፣ እናታቸው «ምን ያስለቅስሻል? ወዴት መሄድ እንደፈለገ እዪና ተከተዪው» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ቅጠሉን ተከትለው ዓሣ ሠሩ። የቀረው ዘመናቸው በሙሉ የዚያ ዓሣ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርታቸውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ማብቂያ በጥሩ ውጤት ተከታትለዋል፤ ዝቅተኛ ውጤት ያገኙት በእጅ ሥራ ብቻ ነው። አስተማሪያቸው «ሥራው ያምራል፣ ከናሙናው ጋር ግን አይገናኝም» ብለው ከአሥር አራት ሰጧቸው። ያቺን ወረቀት በመስታወት አስገብተው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለዋት ኖሩ፤ እንግዳ ሲጠይቃቸውም «ዲግሪዬ ናት» ይሉ ነበር።

በሃያ ዓመታቸው በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ተቀጠሩ። ቀለሙ ገና ያልደረቀ ገጽ ከማሽን ክፍል ሲመጣላቸው፣ የመማሪያ መጽሐፍም ይሁን የመድኃኒት መግለጫ፣ ቀይ እስክሪብቶአቸውን ይዘው ከላይ እስከ ታች ያበጥሩታል። የማሽን ክፍሉ ሠራተኞች በዓይናቸው ጥራት የተነሣ «እትዬ ንስር» ይሏቸው ነበር። አንድ ጊዜ በሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ በሙሽራው ስም ቦታ የሙሽራዋ አባት ስም ገብቶ ሊታተም ሲል፣ «ልጅቷን ለገዛ አባቷ ልትድሯት ነው እንዴ?» ብለው ማሽኑን ያስቆሙት እሳቸው ናቸው።

እዚያው ሲሠሩ መጽሐፍ ሊጭን ይመጣ ከነበረ ሹፌር ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ታላቅ እህታቸው በሞቱ ጊዜ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን፣ ይህችኑ የምታነብላችሁን፣ ወደ ቤታቸው ወሰዱ፤ ሁለት ወልደው ሦስት አሳደጉ። አንሶላ ሲያነጥፉም ሆነ ደብተር ሲገዙ በሦስቱ መካከል ልዩነት አድርገው አያውቁም።

ከሥራ ወጥተው መርፌ ሲያነሡ አክስታችን ሌላ ሰው ነበሩ። ጊዜውን በእጅ ሥራ የሚያሳልፍ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከባዱ ነገር መሥራቱ ሳይሆን አንዱ ሲያልቅ ቀጥሎ ምን ልሥራ የሚለው ነው። ጎረቤቶቻቸው ከመጽሔት ይገለብጡ ነበር። እሳቸው ግን አዲሱን ሥራ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ባለፈው ሥራ ላይ እጃቸው ከሳተበት ቦታ ነው። የሳቱትን አይተረትሩም፤ በአንድ ወፍራም ደብተር ላይ ቀኑንና ቦታውን ይጽፉና ከዚያ ይቀጥላሉ። በትራስ ልብስ ላይ የአንድ አበባ ግንድ ስፌት ዘልሎ ቢቆረጥ፣ ቀጣዩ ሥራ እርከኑ የጎደለ መሰላል ሆነ፤ በመሰላሉ ላይ ሳያስቡት ሰማያዊ ክር ቢገባ፣ ተከታዩ ወንዝ ሆነ። «ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም ውዬ ቤቴ ገብቼ የራሴን ልልቀም?» ይሉ ነበር። ባላቸውም በበኩላቸው «የኛ ቤት ስህተት የሚከበርበት ቤት ነው፤ የኔን ግን አይጨምርም» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ አንድ ቀን በእጃቸው ላይ የነበረ የሞተር ዘይት ጨርቁን ነክቶ ጥቁር ፀሐይ እስኪወጣው ድረስ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ በሰበሩ ቁጥር «ንድፍ አመጣሁልሽ» ማለት ለመዱ።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ሠላሳ ዓመት ሐሳብ ሳያጥራቸው ከኖሩ በኋላ፣ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ በሃያ ሦስት ዓመቷ ልትዳር ሆነ፤ የእጮኛዋ እናትም ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። እኚህ እናት የቤት አያያዝ አስተማሪ ናቸው፤ በገቡበት ቤት የመጋረጃውን ጠርዝ ገልበጥ አድርገው ሳያዩ አይቀመጡም ይባልላቸው ነበር። አክስታችን ለዚያ ቀን ያደረሱት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ በዙሪያው ሃያ አራት ወፎች ነበሩት። ሃያ ሦስቱ ወደ ቀኝ ሲበሩ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው ጥግ አራተኛዋ ብቻ ወደ ግራ ዞራለች። ዞራ ባዩዋት ጊዜ «ይቺ ደግሞ የረሳችው ዕቃ አለ» ብለው ስቀው በደብተራቸው መዝግበዋታል።

የእህታቸው ልጅ ግን አልሳቀችም። ጨርቁን ያየች አንዲት ጓደኛዋ «ወፏ ሰክራ ነው?» ስላለቻት፣ የወደፊት አማቷ ፊት የምትዋረድ መስሎ ታያት። ከዕለቱ በፊት በነበረው ማክሰኞ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ወፏን ተርትራ ከዚያው ከክር ቅርጫት ያንኑ ክር መዝዛ ወደ ቀኝ አዙራ ጠለፈቻት፤ የመርፌው ቀዳዳ እንዳይታወቅም ጨርቁን አርጥባ ተኮሰችው። እጇ የአክስቷን እጅ ወርሶ ነበርና ልዩነቱ አይታወቅም ነበር።

እንግዳዋ መጡ፣ ጨርቁንም ገለበጡ፤ ከልባቸው አድንቀውም «አንድ እንከን የለበትም እኮ! ከሱቅ የተገዛ ነው የሚመስለው!» አሉ። አክስታችን አመስግነው አስተናገዱ። እንግዳዋ ከሄዱ በኋላ ወፎቹን ከቀኝ ጀምረው ቆጠሩ፤ ከግራ ጀምረው ቆጠሩ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙት። ከዚያም «ይህን ጨርቅ የነካ ሰው አለ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ልጅቷ «ከተኮስኩት በቀር ማን ይነካዋል፣ አክስቴ?» ብላ መለሰች። አመኗት፤ አለማመንን አላስተማረቻቸውም ነበርና።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም የልጅ ጥፋት ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ለአራሚ ያለውን ስህተት ማለፍ የሚያጋጥም ሲሆን፣ የሌለውን ስህተት አይቶ መመዝገብ ግን በገዛ ዓይኑ ላይ እምነት የሚያሳጣ ነው። ወደ ዓይን ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙ መርምረው «የእርስዎ ዓይን ከእኔ ይሻላል» ሲሏቸው ይብሱን ተጨነቁ፤ ዓይኔ ደህና ከሆነ እንግዲያው ጭንቅላቴ ነው ብለው አሰቡ። በሰው መድኃኒት መግለጫ ላይ የሌለ ነገር አነብ ይሆናል በሚል ፍርሃትም ማንም ሳይጠይቃቸው ቀይ እስክሪብቶአቸውን አስረክበው በራሳቸው ማመልከቻ ወደ ወረቀት መጋዘን ተዛወሩ። «እትዬ ንስር» ሲሏቸው መልስ መስጠት ተዉ። የክር ቅርጫታቸውም ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ባላቸው ጨንቋቸው አንድ ቀን ሆን ብለው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ሻይ ቢደፉ፣ «ታስቦበት የተደፋ አይቆጠርም» ብለው አጥበው አሰጡት።

ይህ ስድስት ዓመት ቆየ። የእህታቸው ልጅ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መናገር ይበቃት ነበር። አልተናገረችም፤ በፊት ሠርጓን ፈርታ፣ ኋላ ደግሞ የዘገየችበትን ጊዜ ፈርታ።

በስድስተኛው ዓመት፣ እሷም የልጅ እናት ከሆነች በኋላ፣ ልትናዘዝ ቆርጣ መጣች። ባዶ እጇን መምጣቱ ስላስፈራት ለልጇ የጀመረችውን የትራስ ልብስ ያዘች፤ ከጠለፈች ዓመታት አልፈው ነበርና ድመቱ አምስት እግር አውጥቷል። አፏን ሳትከፍት አክስታችን ጨርቁን ከእጇ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ እግሮቹን አንድ ሁለት እያሉ ቆጠሩ፣ ከዚያም ስድስት ዓመት ያልተሰማ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። «አንቺ ልጅ! ይሄ እኮ የሦስት ዓመት ሥራ ነው!» አሉ። የሌላ ሰው መርፌ የሳተውም ለሥራ መነሻ እንደሚሆን ያኔ ተገለጠላቸው፤ ቅርጫቱም ዕለቱን ከቁም ሳጥኑ ላይ ወረደ። ልጅቷም ደስታቸውን አላደፈርስም የሚል ሰበብ አግኝታ ኑዛዜዋን ይዛ ተመለሰች። ሰበቡ ያምር ነበር፤ ውስጡ ያለው ግን ያው የድሮው ፍርሃት ነው።

ከአምስተኛው እግር አሥራ አራት ሥራ ወጣ፤ የመጨረሻው አንድ ግድግዳ የሚሸፍን የዛፍ ሥር ነበር። አምስተኛውን እግር ያየ ዓይን ገጽም ያያል ብለው በዚያው ዓመት ወደ እርማት ጠረጴዛቸው ተመልሰው እስከ ስድሳ ዓመታቸው ሠርተዋል። በስንብታቸው ቀን የማሽን ክፍሉ ሰዎች ሆን ብለው በስህተት የሞላ የምስጋና ወረቀት አትመው ቢሰጧቸው፣ እዚያው በቀይ አርመው፣ ከአሥር አራት ሰጥተው መልሰውላቸዋል።

ከጡረታ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ለሁሉ ክፍት ሆነ። ሐሳብ አለቀብኝ የሚል ሰው የተበላሸ ሥራውን ይዞ ይመጣል እንጂ መጽሔት ይዞ አይገባም። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ቅርጫት የሚሠሩት ጡረተኛ፣ ሹራቧ ሁልጊዜ አንድ እጁ የሚረዝምባት ነርስ፣ ኋላም ያቺኑ የጠረጴዛ ልብስ ያደነቁት የቤት አያያዝ አስተማሪ ሳይቀሩ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አስተማሪዋ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ናሙና ሳስገለብጥ ኖርኩ፤ ማን ይክሰኛል?» ሲሉ፣ አክስታችን «የተበላሸ ነገር ይዘው ይምጡና እንተያያለን» አሏቸው። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ ለአዲስ ሥራችሁ መነሻ ያገኛችሁት ከዚያ ጠረጴዛ ነው።

ባላቸው ከስምንት ዓመት በፊት አረፉ። እሳቸውም ባለፉት ሁለት ዓመታት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው ሲያዝንላቸው «ዕድሜዬን ሙሉ ስህተት በስንት ጊዜ አንዴ ስጠብቅ ኖሬ፣ አሁን በየደቂቃው ይመጣል፤ ሀብታም ሆንኩ» ይሉ ነበር። የተንቀጠቀጠው መስመር ማዕበል፣ ማዕበሉም ባሕር ሆነ። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮታቸው ሥር በወንበራቸው እንደተቀመጡ፣ መርፌው ጨርቁ ላይ ተሰክቶ እንዳለ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፉ። ዛሬ ሣጥኑ ላይ የተነጠፈው ያ ባሕር ነው፤ መርፌውንም አላወጣነውም።

አርብ ዕለት ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ደብተራቸው ሲገለጥ፣ ስለ ጠረጴዛ ልብሱ የተጻፈው ገጽ ተገኘ። «አንዷ ወደ ግራ በራለች» ከሚለው ሥር «ወፏ የለችም፤ ወይ አልሠራኋትም፣ ወይ ሄዳለች» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያም በተለያየ ቀለም፣ በየዓመቱ አንድ መስመር፦ «ዛሬም ቆጠርኳቸው።» የመጨረሻው መስመር ከሁለት ወር በፊት በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈ ነው፦ «ሃያ አራቱም ወደ ቀኝ።» ሲስቁም ሲያስተምሩም፣ ያቺን ወፍ መፈለጋቸውን ለአንድ ዓመት እንኳ አላቋረጡም ነበር።

የእህታቸው ልጅ ወፏን ወደ ግራ ልትመልሳት ምላጭ አነሣች፤ መልሳም አስቀመጠችው፤ ሁለተኛው መተርተር የመጀመሪያውን መደበቂያ ከመሆን አያልፍምና። በምትኩ በዚያ ገጽ ላይ በራሷ እጅ እንዲህ ስትል መዝግባለች፦ «ወፏ ነበረች። አክስቴ በትክክል አይተዋል። የጠፋችው በእኔ ነው።» እንግዲህ በዚያ ጨርቅ ላይ ያለችው ስህተት ወደ ቀኝ የምትበረው አራተኛዋ ወፍ ናት። በአክስታችን ደንብ መሠረት ቀጣዩ ሥራ ከእሷ ይጀምራል፤ የፊታችን ቅዳሜም ጠረጴዛው እንደተለመደው ክፍት ነው።

አክስታችን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም ሐሳብ ሲያልቅባቸው በራቸውን ያንኳኩ የነበሩ ብዙ ወዳጆች ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ዓይናቸው በማይጠራጠርበት ብርሃን ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።

ያቺ የእህታቸው ልጅ እኔ ነኝ። እሳቸውን ይቅርታ ለመጠየቅ ሃያ አንድ ዓመት ነበረኝ፣ አልጠየቅኋቸውም። እናንተን እጠይቃለሁ፤ ይቅር በሉኝ።